ድጎማው ማንበብ ላልቻሉት ልጆች እንዲደርስ

በሐዋሳ ከተማ ለርዕሳነ መምህራን፣ ለጉድኝት (በአንድ ማዕከል ዙሪያ ለተቧደኑ ትምህርት ቤቶች) ሱፐርቫይዘሮችና ለወላጅ መምህር ኅብረት ተወካዮች የቀረበ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች ሆኖ የተጻፈ

የተከበራችሁ ርዕሳነ መምህራንና መምህራን፣ የጉድኝት ሱፐርቫይዘሮች፣ ከክፍለ ከተማ ትምህርት ጽሕፈት ቤቶች የመጣችሁ ባለሙያዎች፣ እንዲሁም የዕለት ሥራችሁን ትታችሁ የተገኛችሁ የወላጅ መምህር ኅብረት አባላት፤ እንደምን አረፈዳችሁ። እንድናገርበት የተሰጠኝ ርዕስ ለንባብ ትምህርት ስለሚመደብ ድጎማ ነው። ርዕሱ ሰፊ በመሆኑ ከመነሻው አጠብበዋለሁ። ዛሬ የምሟገትለት ሐሳብ አንድ ነው፤ የንባብ ትምህርትን ለማሻሻል ተብሎ ወደ መንግሥት ትምህርት ቤቶች የሚመጣ ገንዘብ፣ ከመንግሥት ካዝናም ይምጣ ከለጋሽ፣ ሲከፋፈል ቀዳሚው መመዘኛ በየትምህርት ቤቱ ማንበብ ያልቻሉ ልጆች ብዛት መሆን አለበት። እስከ ዛሬ ያከፋፈልነው በአብዛኛው በተማሪ ቁጥር ወይም በፕሮፖዛል ውድድር ነው። ሁለቱም መንገዶች ፍትሐዊ ይመስላሉ፤ ሁለቱም ግን ገንዘቡን ይበልጥ ከሚያስፈልገው ልጅ እንደሚያርቁት ለማሳየት እሞክራለሁ።

ከሚታወቀው ልነሳ። በ2002 ዓ.ም. በአገራችን በስድስት ቋንቋዎች የታችኛ ክፍሎች የንባብ ምዘና ተካሂዶ ነበር። ምዘናው የሁለተኛና የሦስተኛ ክፍል ተማሪዎችን አንድ በአንድ እያስቀረበ ያስነበበ ነው። በአዲስ አበባ ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች መካከል ከቀረበላቸው አጭር ምንባብ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ ያልቻሉት ከመቶ 10 ያህሉ ነበሩ። በሲዳማ ግን ከመቶ 69 ያህሉ አንዲት ቃል አላነበቡም። በቋንቋዎች መካከል የቃላት ርዝመት ስለሚለያይ በደቂቃ የተነበቡ ቃላትን ቁጥር ማወዳደር ትክክል አይሆንም፤ ዜሮ ግን በየትኛውም ቋንቋ ዜሮ ነው። የሲዳማ ልጅ ከአዲስ አበባ ልጅ በአእምሮ አያንስም። የሚያንሰው በእጁ የሚገባው መጽሐፍ፣ በቋንቋው ንባብን ማስተማር የሠለጠነ መምህር እና በቤቱ የሚያገኘው የታተመ ነገር ነው። ከዚያ ምዘና በኋላ፣ እ.ኤ.አ. ከ2012 እስከ 2017 በቆየ የውጭ ድጋፍ ሲዳሙ አፎን (የሲዳማን ቋንቋ) ጨምሮ በሰባት ቋንቋዎች አዳዲስ የንባብ መማሪያ መጻሕፍት ተዘጋጅተዋል፤ ትልቅ ሥራ ነበር። ሆኖም የዓለም ባንክ ግምት እንደሚያሳየው በኢትዮጵያ ዕድሜያቸው 10 ዓመት ከሆነ ልጆች መካከል ቀላል ጽሑፍ አንብበው መረዳት የማይችሉት ወደ 90 በመቶ ይጠጋሉ። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸው አገሩን ሁሉ አስደንግጧል። እኔ ግን ያ ውጤት የተወሰነው ከአሥር ዓመት በፊት፣ እነዚያ ልጆች ሁለተኛ ክፍል ሳሉ ነው ብዬ አምናለሁ። በሁለተኛ ክፍል ማንበብ ያልጀመረ ልጅ በአምስተኛ ክፍል የአካባቢ ሳይንስን፣ በሰባተኛ ክፍል የሂሳብ ጥያቄን ከመጽሐፍ ሊማር አይችልም፤ ከክፍል ክፍል እየተዛወረ ክፍተቱን ይዞ ይሄዳል።

ክፍተቱ ለምን ሳይታይ እንደሚያልፍ አንድ ነገር ቀርቤ ላሳያችሁ። ምዘናውን የሠራችሁ ታውቁታላችሁ፤ ልጁ ለብቻው ከክፍል ወጥቶ ይቀመጣል፤ ወደ 60 ቃላት የሚሆን አጭር ታሪክ በአንድ ገጽ ይቀርብለታል፤ 60 ሰከንድ ይያዝለታል፤ መዛኙ የሳታትን እያንዳንዷን ቃል በእርሳስ ይሰርዛል፤ በመጨረሻም ስለ ታሪኩ አምስት ጥያቄ ይጠይቀዋል። በከተማችን ዳር ባለ አንድ ትምህርት ቤት የሁለተኛ ክፍል ልጅ አስቀርቤ ነበር። ክፍል ውስጥ ሳሉ መምህርቷ በሰሌዳው የጻፈችውን ዓረፍተ ነገር ተማሪዎቹ በአንድ ድምፅ ሲሉት የዚህ ልጅ ድምፅ ከሁሉም ጎልቶ ይሰማ ነበር። ውጭ ወጥተን ያንኑ ዓረፍተ ነገር በወረቀት ጽፌ ስሰጠው ጣቱን ከመጀመሪያዋ ቃል ጀምሮ እያሻገረ ሳይደናቀፍ ጨረሰው። ከመካከል አንዲት ቃል ነጥዬ ስጠቁመው ግን ዝም አለ። ቀጥሎ ወደ መስመሩ መጀመሪያ ተመለሰ፤ በለሆሳስ እያለ መጣና ጣቱ እዚያች ቃል ላይ ሲያርፍ ድምፁን ከፍ አድርጎ ጠራት። ዓረፍተ ነገሩን በቃሉ ይዞታል፤ አያነበውም። በመምህርቷ አልፈርድባትም። ከሰባ በላይ ልጆች ባሉበት ክፍል፣ በ40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ፣ እያንዳንዱን ለብቻ የምታስነብብበት ሰዓት የላትም፤ በሪፖርት ካርዱም ላይ ይህን የሚጠይቅ ሳጥን የለም። እንዲህ ያለ ልጅ በተማሪ ቁጥር አንድ ተብሎ ይቆጠራል፤ ድጎማውም ማንበብ ለሚችለው ልጅ የሚመጣው ያህል ብቻ ይመጣለታል።

ሐዋሳ ደግሞ አንድ ዓይነት ከተማ አይደለችም። በፒያሳና በሐይቅ ዳር አካባቢ ያሉ ትምህርት ቤቶችን በሐዌላ ቱላ ክፍለ ከተማ የገጠር ቀበሌዎች ካሉት ጋር አስተያዩ። የመጀመሪያዎቹ ጋ ብዙዎቹ ልጆች የመንገድ ማስታወቂያ፣ የሱቅ ስም፣ የስልክ መልእክት እያዩ ያደጉና መዋዕለ ሕፃናት የዋሉ ናቸው። የኋለኞቹ ጋ ልጁ የታተመ ጽሑፍ የሚያገኘው በትምህርት ቤቱ ግቢ ብቻ ሊሆን ይችላል፤ ጠዋት ከብት ሲያግድ ቆይቶ፣ እርሷም ውሃ ስትቀዳ ቆይታ የሚመጡ ናቸው። የኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2008 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ ደግሞ ሥራ ፍለጋ ከየአቅጣጫው በመጡ ቤተሰቦች ምክንያት የተማሪው ቁጥር በየዓመቱ የሚለዋወጥባቸው፣ ወላጅ በፈረቃ ስለሚሠራ ልጁን የሚያስጠና ሰው ማታ ቤት የማይገኝባቸው ሰፈሮች አሉን።

በዚህ ላይ የቋንቋው ጉዳይ አለ። የከተማችን ልጅ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ሦስት የንባብ ሥርዓቶች ይገጥሙታል። በአማርኛ 33 ፊደላትን ከነሰባት ቤታቸው፣ በጠቅላላው 231 ምልክቶችን መለየት አለበት፤ ፊደሉ ጥብቀትና ላላነትን ስለማያሳይም ቃሉን አስቀድሞ በጆሮው ማወቅ ይጠበቅበታል። ሲዳሙ አፎ በላቲን ፊደል ይጻፋል፤ ረጅም አናባቢና የሚጠብቅ ተነባቢ በድርብ ፊደል ስለሚታይ ሥርዓቱ ለጀማሪ የጠራ ነው። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ የሚሰጠው እንግሊዝኛ ግን ያንኑ የላቲን ፊደል በሌላ ድምፅ ይጠቀማል፤ በሲዳሙ አፎ የ«ጠ»ን ድምፅ የሚወክለው «ኤክስ» በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ ሌላ ነገር ይሆናል። ልጆች ይህን ሁሉ መሸከም ይችላሉ፤ በሌሎች አገሮችም ይሸከማሉ። የሚችሉት ግን በአንዱ፣ በሚናገሩት ቋንቋ፣ መጀመሪያ አጥብቀው ከያዙ ነው። ስለዚህ ለአንድ ትምህርት ቤት «የንባብ መጻሕፍት ተገዝተዋል» ሲባል በየትኛው ቋንቋ፣ ለየትኞቹ ልጆች ብለን መጠየቅ አለብን። ገበያ ላይ በብዛት የሚገኘው የልጆች መጽሐፍ በአማርኛ በመሆኑ በድጎማ ብር የሚገዛውም እርሱ ይሆናል፤ በሲዳሙ አፎ የሚማሩት ልጆች የንባብ ጥግ የተባለው መደርደሪያ አጠገብ ሆነው የሚያነቡት ነገር ያጣሉ።

አሁን ወደ ገንዘቡ ልምጣ፤ ብዙ መቆየት የምፈልገውም እዚህ ላይ ነው። የክፍለ ከተማ ወይም የወረዳ የትምህርት በጀት አብዛኛው ለደመወዝ እንደሚውል ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ለመማር ማስተማሩ የሚተርፈው በተለምዶ ብሎክ ግራንት የምንለው፣ በጥቅል የሚመደብ ገንዘብና በአጠቃላይ ትምህርት ጥራት ማሻሻያ ፕሮግራም በኩል ሲመጣ የቆየው የትምህርት ቤት ድጎማ ነው። ድጎማው ለዓመታት ሲሰላ የኖረው በነፍስ ወከፍ ነበር፤ ለአንድ የአንደኛ ደረጃ ተማሪ ከመቶ ብር በታች። በጎ ጎኑን አልክድም። በተማሪ ቁጥር ማስላት ግልጽ ነው፤ በወዳጅነት የሚሰጥ ነገር አይኖርም፤ ርዕሰ መምህሩ ምን ያህል እንደሚደርሰው አስቀድሞ ማስላት ይችላል። ነገር ግን ሁለት ትምህርት ቤቶችን እንውሰድ፤ ለምሳሌ ያህል እያንዳንዳቸው 1,000 ተማሪዎች አሏቸው እንበል፤ ለተማሪም 50 ብር ይመደባል እንበል። ሁለቱም 50,000 ብር ያገኛሉ። በመጀመሪያው ማንበብ ያልቻሉት 100 ልጆች፣ በሁለተኛው 600 ከሆኑ፣ የመጀመሪያው ትምህርት ቤት ገንዘቡን በሙሉ ለእነርሱ ቢያውለው ለአንድ ልጅ 500 ብር ሲደርሰው በሁለተኛው 83 ብር ብቻ ይደርሰዋል። እኩል አከፋፍለናል፤ ችግሩ የከበደበትን ልጅ ግን ከሌላው በስድስት እጥፍ አሳንሰነዋል።

ያም ገንዘብ ቢሆን በንባብ ላይ አይውልም። የብዙ ትምህርት ቤቶችን የወጪ መዝገብ አገላብጫለሁ፤ ጠመኔ፣ የፈተና ወረቀትና የማባዣ ቀለም፣ የበር ቁልፍ፣ የተቀደደ ጣሪያ ቆርቆሮ፣ የአጥር ሽቦ፣ የጥበቃ ክፍያ፣ የመጸዳጃ ቤት ጥገና ይነበባል። እነዚህ ሁሉ አስፈላጊ ናቸው፤ ጣሪያው በሚያፈስ ክፍል ንባብ አይማሩም። የትምህርት ቤት መሻሻል መርሐ ግብሩም ከመማር ማስተማሩ ሌላ ምቹ አካባቢን፣ አመራርንና የኅብረተሰብ ተሳትፎን ያካተተ በመሆኑ ርዕሰ መምህሩ ከመመሪያ አልወጣም። ግን አንድ ነገር እናስተውል። አስቸጋሪ ሁኔታ ላይ ያለ ትምህርት ቤት ጣሪያውም የሚያፈሰው፣ አጥሩም የወደቀው እርሱ ነው። ድጎማው ከመጀመሪያው በጥገና ስለሚያልቅ ለመጽሐፍ የሚተርፈው የለም። ሕንፃው ደህና የሆነው ትምህርት ቤት ግን ከዚያው ብር ላይ መጻሕፍትና ስፒከር ይገዛል። በነፍስ ወከፍ እኩል የሆነው ብር ክፍል ውስጥ ሲገባ እኩልነቱን ያጣል። ብዙዎቻችሁ እንደምትሉት ገንዘቡ በመስከረም ሳይሆን ዓመቱ ከተጋመሰ በኋላ ሲለቀቅ ደግሞ የበጀት መዝጊያው ከመድረሱ በፊት በጥድፊያ የሚገዛው ነገር ለንባብ የታሰበበት ሊሆን አይችልም።

ሁለተኛው መንገድ የፕሮፖዛል ውድድር ነው፤ ስለዚህኛው በግልጽ መናገር እፈልጋለሁ። አንዳንድ ለጋሾች «ለንባብ ማሻሻያ ድጋፍ እንሰጣለን፤ ትምህርት ቤቶች ተወዳደሩ» ይላሉ። ማመልከቻው በእንግሊዝኛ ነው፤ በኢሜይል ይላካል፤ የውጤት ማዕቀፍ፣ የበጀት ሠንጠረዥ፣ የቀድሞ ተሞክሮ ማስረጃ ይጠይቃል። ይህን አሟልቶ የሚያቀርበው ማን ነው? ኢንተርኔት ያለው፣ የዩኒቨርሲቲ መምህር የሆነ ወላጅ ያለው፣ ቀደም ሲል ድጋፍ አግኝቶ ፎቶና ሪፖርት ያከማቸ ትምህርት ቤት ነው። ምክትል የሌለው፣ ራሱ ሦስት ክፍለ ጊዜ እያስተማረ የሚመራ የገጠር ቀበሌ ርዕሰ መምህር አይወዳደርም፤ ቢወዳደርም ይወድቃል። የማውቀው አንድ ርዕሰ መምህር ማመልከቻውን ለማጻፍ ከኪሱ ከፍሎ፣ ውድቅ የሆነበትን ምክንያት እንኳ ሳይነገረው ቀርቷል። ከዚህ ጋር የሚሄድ ሌላ ልማድ አለ፤ ፕሮጀክት ሲመጣ ወደ «ሞዴል» ትምህርት ቤት ይወሰዳል፤ ሞዴሉ ደግሞ አስፋልት ዳር ያለው፣ እንግዳ ለማስጎብኘት የሚያመቸው ነው። እዚያው ላይ ቤተ መጻሕፍት፣ እዚያው ላይ ቀለም፣ እዚያው ላይ ኮምፒውተር ይደራረባል። ውድድር ለምርምር ወይም ለአዲስ ሐሳብ መፈተኛ ጥሩ ሊሆን ይችላል። ልጅ ፊደል እንዲቆጥር ለማድረግ ግን ውድድር ሊኖር አይገባም፤ መብቱ ነው።

ገንዘቡ ማንበብ ያልቻሉት ወዳሉበት ቢሄድስ ለውጥ ያመጣል? በቅድሚያ ጥንቃቄ የሚጠይቀውን ልናገር። በታንዛኒያ በአሥር ወረዳዎች በሚገኙ 350 ትምህርት ቤቶች በተደረገ ጥናት፣ ለትምህርት ቤቱ ድጎማ ብቻ በተሰጠበት የተማሪዎች ውጤት ለውጥ አላሳየም፤ ውጤቱ የተሻለው ድጎማው ተማሪዎቻቸው ሲያውቁ ለመምህራን ከሚከፈል ማበረታቻ ጋር ሲጣመር ነው። በሕንድና በዛምቢያ ደግሞ ወላጆች ድጎማው እንደሚመጣ አስቀድመው ሲያውቁ ራሳቸው ለደብተርና ለመጽሐፍ የሚያወጡትን እንደቀነሱ ታይቷል። ስለዚህ ብር በራሱ አያስነብብም።

ከዚህ የተለየውን በአሜሪካ የካሊፎርኒያ ግዛት እናገኛለን። እ.ኤ.አ. በ2017 መጨረሻ ተማሪዎች፣ ወላጆችና መምህራን «ልጆቻችን ማንበብ ሳይማሩ ከክፍል ክፍል ይዛወራሉ» ብለው የግዛቱን መንግሥት ከሰሱ፤ እ.ኤ.አ. በየካቲት 2020 በስምምነት ተቋጨ። በስምምነቱ መሠረት በሦስተኛ ክፍል የንባብ ውጤታቸው ከግዛቱ ሁሉ ዝቅተኛ ለሆኑ 75 ትምህርት ቤቶች ለሦስት ዓመት 50 ሚሊዮን ዶላር ተመደበ። ማንም በፕሮፖዛል አልተወዳደረም፤ የመረጣቸው የልጆቹ ውጤት ነው። ገንዘቡ ግን ዝም ብሎ አልተለቀቀም። እያንዳንዱ ትምህርት ቤት መጀመሪያ ልጆቹ ለምን እንደማያነቡ መንስኤውን እንዲመረምር፣ ከዚያ የሦስት ዓመት የንባብ ዕቅድ እንዲያወጣ ተደረገ፤ ዕቅዱን የሚያግዙ ባለሙያዎችም ተመደቡለት። በኋላ የተደረገ ጥናት በእነዚያ ትምህርት ቤቶች የሦስተኛ ክፍል ተማሪዎች ውጤት ከመሰሎቻቸው እንደተሻለ አሳይቷል። እኛ ያን ያህል ገንዘብ የለንም፤ አካሄዱ ግን ገንዘብ አይጠይቅም። በምዘና መለየት፣ መንስኤውን መመርመር፣ ማቀድ፣ ከዚያ መክፈል የሚለው ቅደም ተከተል ሐዋሳ ላይም ይሠራል።

ሌላው የብራዚሉ የሴአራ ግዛት ነው፤ ይህን ይበልጥ የምወደው ድሃ ግዛት ስለሆነ ነው። ሴአራ እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ በንባብ ጥሩ ውጤት ያመጡ እስከ 150 የሚደርሱ ትምህርት ቤቶችን በገንዘብ ይሸልማል፤ ሽልማቱን ሙሉ በሙሉ ለማግኘት ግን እያንዳንዱ ተሸላሚ ዝቅተኛ ውጤት ካመጡት አንዱን ይዞ ማገዝ አለበት። 75 በመቶው መጀመሪያ ይከፈላል፤ ቀሪው 25 በመቶ የሚለቀቀው የታገዘው ትምህርት ቤት ሲሻሻል ነው። የሚታገዘውም የራሱ ገንዘብ አለው። እኛ «ሞዴል» የምንለውን ትምህርት ቤት ለጉብኝት ብቻ እናቆመዋለን፤ እዚያ ግን ሞዴልነት የሌላውን ልጅ የማስነበብ ኃላፊነት ይዞ ይመጣል። የጉድኝት አደረጃጀታችን ለዚህ የተመቸ ነው፤ ማዕከሉና ዙሪያው ያሉት ትምህርት ቤቶች አስቀድመው ተቧድነዋል፤ የጎደለው በገንዘብና በውጤት መተሳሰሩ ነው።

ገንዘቡ ምን ይግዛ? በእኔ ግምት ከሁሉ በፊት መጽሐፍ በእያንዳንዱ ልጅ እጅ። አንድ መጽሐፍ ለሦስት ልጅ በሚሆንበት ዴስክ መጽሐፉን የሚይዘው መካከለኛው ነው፤ በግራና በቀኝ ያሉት ገጹን በአግድም ያያሉ፤ ጠርዝ ላይ ያለችው ልጅ ፊደሉን ሳይሆን የመካከለኛውን ልጅ አፍ እያየች ትከተላለች። መጽሐፉም ቤት የማይሄድ ከሆነ ማታ የምታነበው የላትም። ሁለተኛው፣ እስከ መማሪያ ክፍሉ ድረስ የሚገባ እገዛ ነው። ለጥቂት ቀን በሆቴል አዳራሽ ሥልጠና ሰጥቶ፣ ውሎ አበል ከፍሎ፣ የምስክር ወረቀት አድሎ መበታተን ገንዘብ የሚበላ፣ ክፍል ውስጥ ግን የማይዘልቅ አሠራር ነው። ኬንያ እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ በመላ አገሪቱ ባካሄደችው ቱሶሜ በተባለው የንባብ ፕሮግራም ለእያንዳንዱ ልጅ መጽሐፍ፣ ለእያንዳንዱ መምህር መምሪያ ሰጥታ፣ ሱፐርቫይዘሮቿን በታብሌት አስታጥቃ፣ የትራንስፖርት ክፍያቸውን ክፍል ገብተው ካደረጉት ክትትል ጋር አያይዛዋለች። እኛ ዘንድ የጉድኝት ሱፐርቫይዘሩ ሐዌላ ቱላ ጥግ ድረስ የሚሄድበት የባጃጅ ወይም የሞተር ሳይክል ወጪ ስለማይመደብለት አስፋልት ዳር ያሉትን ደጋግሞ ይጎበኛል። ትንሽ የምትመስለው ይህች የትራንስፖርት ብር ለሩቁ ትምህርት ቤት መምህርት ብቸኛዋ የሙያ እገዛ ልትሆን ትችላለች፤ ስለዚህ በንባብ ድጎማው ውስጥ በግልጽ መጻፍ አለባት። ሦስተኛው የሚገዛው ነገር ጊዜ ነው፤ ማንበብ ላልቻሉት በቀን ግማሽ ሰዓት፣ በትንሽ ቡድን፣ በደረጃቸው። ለዚህ የሚያስፈልገው በአብዛኛው የክፍለ ጊዜ ድልድልና ለምታስተምረው መምህርት ተገቢ የትርፍ ሰዓት ክፍያ ነው።

የሚነሱትን ተቃውሞዎች አውቃቸዋለሁ፤ ክብደት ያላቸውም ናቸው። የመጀመሪያው «በርትቶ ያስነበበ ትምህርት ቤት ይቀጣል፤ ያላስነበበ ይሸለማል» የሚል ነው። ሁለተኛው ከዚህ ይከተላል፤ ድጎማ ለማግኘት ሲባል ልጆች እንዳያነቡ ማድረግ ባይኖር እንኳ ያነበቡትን «አላነበቡም» ብሎ መመዝገብ ሊኖር ይችላል። ለመጀመሪያው መልሴ የነፍስ ወከፉ ድጎማ አይነካ የሚል ነው፤ ለሁሉም እንዳለ ይቀጥል፤ እኔ የምናገረው ከእርሱ በላይ ለንባብ ተብሎ ስለሚመጣው ገንዘብ ነው። ለሁለተኛው፣ ምዘናውን የትምህርት ቤቱ መምህራን ሳይሆኑ ከሌላ ጉድኝት የሚመጡ ሱፐርቫይዘሮችና የመምህራን ትምህርት ኮሌጅ ዕጩዎች በናሙና ይሥሩት፤ ድልድሉ ለሦስት ዓመት ይጽና፤ ውጤቱ የተሻሻለ ትምህርት ቤት በሦስቱ ዓመት ውስጥ አንዲት ብር አይቀነስበት። በዚህ መንገድ ማስነበብ ገንዘብ የሚያሳጣ አይሆንም። ለታዳጊ ክልሎች የተለየ ስሌት ማድረግም አዲስ ነገር አይደለም፤ በ2010 ዓ.ም. የተጀመረው የጥራት ማሻሻያ ፕሮግራሙ ምዕራፍ ፍትሐዊነትን በስሙ ጭምር ይዞ ለአፋር፣ ለቤኒሻንጉል ጉሙዝና ለሶማሌ ክልል ትምህርት ቤቶች ከፍ ያለ ድጎማ አስቦ ነበር። በክልሎች መካከል ትክክል ነው ብለን የተቀበልነውን በአንድ ከተማ ቀበሌዎች መካከል የማንቀበልበት ምክንያት አይታየኝም።

ገንዘቡ ከየት ይምጣ ለሚለው፣ የውጭ ድጋፍ ላይ ብቻ መደገፍ እንደማይቻል እ.ኤ.አ. በ2025 የአሜሪካ የተራድኦ ድርጅት መዘጋት ለሁላችንም አሳይቶናል፤ የመጻሕፍት ኅትመትና የመምህራን ሥልጠና ድጋፍ ሊቋረጥ የሚችለው በአንድ ውሳኔ ነው። ስለዚህ ትንሽም ብትሆን በከተማው በጀት ውስጥ በራሷ ርዕስ የምትጻፍ የንባብ መደብ ያስፈልጋል። «ትምህርት ለትውልድ» በተባለው ንቅናቄ ኅብረተሰቡ በጉልበትና በገንዘብ ሕንፃ ሲያድስ ማየታችን አቅሙ እንዳለ ይነግረናል፤ ከዚያ መዋጮ ላይ ለቀለምና ለአጥር ብቻ ሳይሆን ለመጻሕፍትም እንዲውል ወላጅ መምህር ኅብረቶች መወሰን ትችላላችሁ።

አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። በኡጋንዳ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ መንግሥት ለትምህርት ቤቶች ከላከው የነፍስ ወከፍ ድጎማ በአማካይ ትምህርት ቤት የደረሰው 13 በመቶ ብቻ እንደነበረ አንድ የወጪ ጥናት አረጋገጠ። መንግሥት ለየወረዳው የተላከውን ገንዘብ በጋዜጣ ማውጣትና በትምህርት ቤቶች ላይ ማስለጠፍ ከጀመረ በኋላ የሚደርሰው ከ80 በመቶ በላይ ሆነ። በየግቢያችን በር ላይ የሚለጠፍ አንድ ወረቀት ይኑር፤ በአማርኛም በሲዳሙ አፎም፤ በዚህ ዓመት ለንባብ የመጣው ብር ይህን ያህል፣ የተገዛው ይህ፣ በመስከረም ማንበብ ያልቻሉት ይህን ያህል፣ አሁን ይህን ያህል የሚል። ማንበብ የማይችል ወላጅ እንኳ ልጁን ጠርቶ ያስነብበዋል።

የጊዜ ሰሌዳው አስቸጋሪ አይደለም፤ መጀመር ያለበት ግን ከበጀት በፊት ነው። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ስለሚጀምር የሁለተኛና የሦስተኛ ክፍል ምዘና በግንቦት ካልተሠራ፣ ውጤቱም በሰኔ ለክፍለ ከተማ ጽሕፈት ቤቶች ካልደረሰ፣ ድልድሉ እንደ አምናው በተማሪ ቁጥር ይወጣል፤ አንድ ዓመት ሙሉ ያልፋል። መጻሕፍቱ በነሐሴ ከታዘዙ በመስከረም ክፍል ይገባሉ። የምዘናው ቅጽ በአማርኛና በሲዳሙ አፎ ተዘጋጅቶ በጓደኞቼ እጅ ይገኛል። ከጉድኝታችሁ ውጭ ሄዳችሁ ለመመዘን ፈቃደኛ የሆናችሁ ሱፐርቫይዘሮች ከሻይ ዕረፍቱ በፊት ስማችሁን እንድታስመዘግቡ፣ ርዕሳነ መምህራንም የሁለተኛና የሦስተኛ ክፍል ተማሪዎቻችሁን ዝርዝር በመማሪያ ቋንቋቸው ለይታችሁ እስከ ሚያዝያ መጨረሻ ለክፍለ ከተማችሁ እንድታስገቡ በአክብሮት እጠይቃለሁ።